ስለ ማጣቀሻ ቋንቋ አለመስማማት፤ በውጫሌና በደሴ ታሪክ ምሳሌነት

በደሴና በኮምቦልቻ የምንገኝ ጥቂት ተማሪዎች ስለ ደቡብ ወሎ የቅርብ ዘመን ታሪክ የተጻፉትን መጻሕፍትና መጣጥፎች በአንድ ዝርዝር ለማሰባሰብ ተነሥተን ነበር። ሥራውን ለሁለት ከፈልነው፤ ደሴ ያለነው እስከ ዐድዋ ጦርነት ድረስ ያለውን፣ ከሐረጎ ቍልቍለት ማዶ ኮምቦልቻ ያሉት ጓደኞቻችን ደግሞ ከዚያ ወዲህ ያለውን እንዲይዙ ተስማማን። ሁላችንም የሠራነው ዞቴሮ በተባለው የማጣቀሻ ማደራጃ ሶፍትዌር ነው። ሁለቱ ዝርዝሮች ተገናኝተው በአንድ ወረቀት ላይ በወጡ ጊዜ ግን አንዱ ደራሲ በሦስት ስም፣ አንዲቱ ከተማ በአራት አጻጻፍ፣ አንዱ ዘመን በሁለት ቍጥር ሆኖ ተገኘ። በአንዱ መስመር «ገጽ» ይላል፤ በተከታዩ መስመር የእንግሊዝኛው ምኅጻረ ቃል ገብቷል። በሁለት ደራሲዎች ስም መካከል አንድ ጊዜ «እና»፣ አንድ ጊዜ «ኤንድ» ተጽፏል።

ይህን ለማቃናት ስንል የሠራነው ስሕተት ከፊተኛው የባሰ ነበር። ከመካከላችን አንዱ የውጫሌን ስም የኢጣሊያንኛ አጻጻፍ በታተመው ጽሑፍ ውስጥ ሁሉ እየፈለገ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ተካው። ዝርዝሩ ለዐይን አማረ። ነገር ግን ረቂቁን ያዩልን መምህር ከመስመሮቹ በአንዱ ላይ ጣታቸውን አኑረው፣ «ይህ ርእስ ያለው መጣጥፍ የት ታተመ?» ብለው ሲጠይቁን መልስ አጣን፤ እንዲህ ያለ ርእስ ያለው መጣጥፍ በዓለም ላይ አልነበረምና። ለማስማማት ስንል ማስረጃውን አጠፋን። ቀጥሎ የምናቀርበው ሐተታ የተነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ምሳሌያችን ውጫሌ መሆኑ በአጋጣሚ ቢሆንም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ውጫሌ ከደሴ በስተሰሜን፣ ከሐይቅ አልፎ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ በአምባሰል ትገኛለች። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 1889) ምኒልክ ከኢጣሊያ መንግሥት ጋር በዚያ ሰፈራቸው ሳሉ ውል ተፈራረሙ፤ በኢጣሊያ በኩል ጉዳዩን የያዘው ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ነበር። ውሉ በአማርኛና በኢጣሊያንኛ ተጻፈ። እንደሚታወቀው የነገሩ ሥር አንቀጽ 17 ነው። የአማርኛው ቃል የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መሥራት እንደሚቻላቸው ሲናገር፣ የኢጣሊያንኛው ቃል ግን በዚሁ መሥራትን ንጉሡ የተስማሙበት ነገር አድርጎ አስቀመጠው። ከዚያም «ተስማምተዋል» የሚለው «ግዴታ አለባቸው» ተብሎ ተነበበ፤ ኢጣሊያም በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ይህንኑ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ሆነ።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህን ያህል ነው። ለማጣቀሻ ጉዳይ የሚጠቅመን ግን ከ17ኛው ይልቅ 19ኛው አንቀጽ ነው። ይኸውም የአማርኛውና የኢጣሊያንኛው ጽሑፍ ፍጹም ይስማማሉ፣ ሁለቱም እኩል ሥልጣን አላቸው የሚለው ነው። እንግዲህ አንድ ተማሪ በግርጌ ማስታወሻው «የውጫሌ ውል፣ አንቀጽ 17» ብሎ ቢያልፍ ምንም አልነገረንም። የጠቀሰው የአማርኛውን ነው ወይስ የኢጣሊያንኛውን? ሁለቱ እኩል ናቸው ከተባለና ቃላቸው ከተለያየ፣ ማጣቀሻው የጽሑፉን ቋንቋ ካልተናገረ ለማስረጃነት አይበቃም። በዚህ ስፍራ የማጣቀሻ ቋንቋ የመልክ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል።

ነገሩ በሰነዱ ላይ ብቻ አያበቃም፤ ስለ ሰነዱ የተጻፈውንም ይከተላል። ስዊድናዊው የታሪክ ሊቅ ስቬን ሩቤንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 በጆርናል ኦቭ አፍሪካን ሂስትሪ ላይ ባወጣው መጣጥፍ የስሕተቱን ኀላፊነት በአንቶኔሊ ላይ አደረገ። በተከታዩ ዓመት በዚያው መጽሔት ኢጣሊያዊው ካርሎ ጂሊዮ መልስ ሰጠ። ሩቤንሰን በርእሱ ላይ ውጫሌን እንደ አማርኛው ድምፅ በላቲኑ «ዳብልዩ» ጀምሮ ሲጽፍ፣ ጂሊዮ የአገሩን ልማድ ተከትሎ በ«ዩ» ጀመረ። የሁለቱም መጣጥፍ የታተመው በእንግሊዝኛ መሆኑን ልብ ይሏል። አሁን በኮምፒዩተሩ ውስጥ የከተማይቱን ስም በአንደኛው አጻጻፍ ርእሶችን የሚፈልግ ተማሪ ሩቤንሰንን አግኝቶ ጂሊዮን ያጣል፤ በሌላኛው አጻጻፍ የሚፈልገውም ተቃራኒው ይደርስበታል። በፊደል ምክንያት ከሁለት ተከራካሪዎች የአንዱን ቃል ብቻ ሰምቶ ፍርድ ይሰጣል ማለት ነው። የኛ ጓደኛ ይህን ክፉ ነገር አይቶ ነበር፤ የሳተው መድኀኒቱን ነው።

ከዚህ የተማርነው በአንድ ማጣቀሻ ውስጥ ሁለት ቋንቋዎች መኖራቸውን ነው። አንደኛው የጸሐፊው፣ ማለትም ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ተማሪ ቋንቋ ነው፤ «ገጽ»፣ «እና»፣ «አርታኢ»፣ «የታየበት ቀን» የሚሉት ቃላት የዚህ ናቸው፤ ከመጀመሪያው ማጣቀሻ እስከ መጨረሻው አንድ ዐይነት መሆን ይገባቸዋል። ሁለተኛው የምንጩ ቋንቋ ነው፤ ርእሱ፣ የደራሲው ስም፣ የታተመበት ዘመን። ይህ በየምንጩ የተለያየ ሊሆን ግድ ነው፤ ልዩነቱም ሊነካ አይገባም። እኛ ያደረግነው የመጀመሪያውን ዝንጕርጕር ትተን ሁለተኛውን አንድ ማድረግ ነበር።

ሶፍትዌሩ ራሱ ይህን ልዩነት ያውቃል። ዞቴሮ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው በአሜሪካ አገር ቨርጂኒያ በሚገኘው በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የአዲስ ሚዲያ ማዕከል በመሆኑ፣ ሠሪዎቹ የታሪክ ሰዎችን ችግር የማያውቁ አልነበሩም። የጸሐፊው ቋንቋ የሚመረጠው በሰነዱ ምርጫ ውስጥ፣ ከማጣቀሻው ስልት አጠገብ፣ ለሰነዱ ሁሉ አንድ ጊዜ ነው። አንዳንድ ስልቶች ቋንቋቸውን አስቀድመው የወሰኑ ስለሆኑ ምርጫውን ይዘጋሉ፤ ተማሪው «አልለወጥ አለኝ» ብሎ የሚቸገረው በዚህ ጊዜ ነው። የምንጩ ቋንቋ ግን የሚጻፈው በእያንዳንዱ ካርድ (መዝገቡን ካርድ ብለን እንጥራው) የቋንቋ ሳጥን ውስጥ ነው። ይህ ሳጥን በኛ ዝርዝር ውስጥ ከግማሽ በሚበልጡት ካርዶች ላይ ባዶ ነበር፤ ባልሆኑትም ላይ አንዱ «አማርኛ»፣ አንዱ የቃሉን እንግሊዝኛ፣ አንዱ ሦስት የላቲን ፊደል ጽፎበታል። መሣሪያው በደንብ የሚያውቀው ዓለም አቀፉን ባለ ሁለት ፊደል ምልክት ነው፤ ለአማርኛ «ኤ» እና «ኤም»፣ ለኢጣሊያንኛ «አይ» እና «ቲ»።

ባዶ ሳጥን ጕዳት የለውም ብለን ነበር፤ አለው። በእንግሊዝኛ ስልት ውስጥ ቋንቋው ያልተነገረለት ካርድ እንደ እንግሊዝኛ ይቈጠራል። ስልቱ የርእስ ቃላትን በትልቅ ፊደል የሚጀምር ከሆነም የኢጣሊያንኛውን «የ» እና «በ» ሳይቀር ሁሉንም በትልቅ ፊደል ይጽፈዋል። የኮምቦልቻ ጓደኞቻችን ከዘመነ ወረራው የሰበሰቧቸው የኢጣሊያ ርእሶች እንዲህ ሆነው ነበር። ሳጥኑ ሲሞላ ያለ አንዳች የእጅ እርማት ተመለሱ። በታተመው ጽሑፍ ላይ በእጅ የተደረገ እርማት ግን ሶፍትዌሩ ዝርዝሩን እንደ ገና ባደሰ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ እርማቱ መደረግ ያለበት በካርዱ ላይ ነው። ከሁለት ኮምፒዩተሮች የወጣ ጽሑፍ እንደ ተራ ጽሑፍ ተገልብጦ ሲቀጣጠልም ማሰሪያው ይበጠሳልና፣ በመጀመሪያ ካርዶቹን አንድ ላይ አምጥቶ ኋላ ማጣቀሻውን ማውጣት ይሻላል። እኛ በተቃራኒው ሠርተን ነበር።

የጸሐፊው ቋንቋ አማርኛ በሆነ ጊዜ ሌላ ፈተና ይመጣል። በተጠቀምንበት የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ አማርኛን አላገኘንም። ሆኖም የማጣቀሻ ስልቱ ፋይል ተከፍቶ የሚነበብ ጽሑፍ ስለሆነ፣ አንድ ቅጂ አውጥተን የእንግሊዝኛዎቹን ቃላት በአማርኛ ተካን። «ገጽ» እና «አርታኢ» በቀላሉ ገቡ። የተቸገርነው «ኢን» በሚለው ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ይህ ቃል ከመጽሐፉ ርእስ በፊት ይቆማል፤ የኛው «ውስጥ» ግን ከርእሱ በኋላ ይመጣል፤ «በ» ደግሞ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ይጻፋል። ማሽኑ ቃሉን ብቻ ለውጦ ሥፍራውን ባለመለወጡ «ውስጥ፦ የኢትዮጵያ ታሪክ» የሚመስል፣ በየትኛውም የአማርኛ ሰዋስው የማይታወቅ ነገር አወጣ። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ቃሉን ጨርሰን አስቀርተን በነጠላ ሰረዝ ተካነው። ይህ የኛ ብልኀት ነው፤ የተሻለ ያለው ቢነግረን ደስ ይለናል።

ወደ ሰዎች ስም እንለፍ። ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ደራሲ ሁለት ሳጥን ያቀርባል፤ አንዱ ለቤተ ሰብ ስም፣ አንዱ ለራስ ስም። ኢትዮጵያዊ የቤተ ሰብ ስም የለውም፤ የአባት ስም ግን አለው። ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመውን የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸውን ጻፉ፤ በዝርዝራችን ላይ ግን ጸሐፊው «ዘውዴ፣ ባ.» ሆኑ። ከሥራቸው ወዲያው የተሰለፉት ስለ ዐፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1975 የጻፉት ዘውዴ ገብረ ሥላሴ ናቸው፤ እርሳቸውን ያስገባው ተማሪ ትክክለኛውን ሥርዐት ተከትሎ ነበርና። የአንዱ የአባት ስም ከሌላው የራስ ስም ጋር ተጎራብቶ ሁለቱ ሊቃውንት ዘመዳሞች መሰሉ። ስለ ወሎ እስልምና የጻፉት ሑሴን አሕመድም «አሕመድ፣ ሑ.» ተብለው ከሌሎች አሕመዶች መካከል ጠፉ። ከሁሉ የባሰው በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ላይ የደረሰው ነው። ማሽኑ ስማቸውን ለሁለት ሰንጥቆ የኋለኛውን ክፍል የቤተ ሰብ ስም አድርጎ ስለ ወሰደው፣ የምኒልክ ዜና መዋዕል ደራሲ «ሥላሴ» ነው የሚል ማጣቀሻ ወጣ። ሳቅን፤ ግን ወረቀቱ ለመምህር ሊቀርብ አንድ ቀን ነበር የቀረው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከስሙ ሳጥን አጠገብ ያለችውን ምልክት ቢጫኗት ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ፤ ስሙም ሳይገለበጥና ሳይቈረጥ ሙሉውን ይወጣል። ይህ ለድርጅቶች ስም የታሰበ ነው ይባላል፤ ለኛ ግን ለሰው ስም የተሠራ ያህል ጠቅሞናል።

የገብረ ሥላሴ መጽሐፍ የዘመንንም ችግር አብሮ ይዟል። የፈረንሳይኛው ትርጕም በፓሪስ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ሲታተም፣ የአማርኛው መጽሐፍ በአዲስ አበባ የታተመው በ1959 ዓ.ም. ነው። ትርጕሙ ከዋናው ቀድሞ መታተሙ ራሱ ታሪክ ነው፤ ይሁን እንጂ 1959 የሚለው ቍጥር ያለ «ዓ.ም.» ሲገባ አንባቢው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወስዶ መጽሐፉን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስቀድመዋል። የዘመኑ ሳጥን የትኛው አቈጣጠር እንደሆነ አይጠይቅምና። «ስምንት ጨምር» ወይም «ሰባት ጨምር» የሚለው ደንብም ብቻውን አይበቃም። ኢጣሊያኖች ደሴን ከአየር የደበደቡት፣ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም የተመታው፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ከተማይቱን የያዙት ደግሞ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም.። በኛ ሁለቱም አንድ ዓመት ነው። በአውሮፓ ግን የፊተኛው እ.ኤ.አ. 1935፣ የኋለኛው 1936 ነው። ስምንት የጨመረ የድብደባውን ዕለት የጻፈ ሰነድ ያሳስታል፤ ሰባት የጨመረ የወረራውን። ወርና ቀን ሳይታይ ዓመት ብቻ አይለወጥም። እኛ የኢትዮጵያን ዘመን በነበረበት ትተን፣ የአውሮፓውን በትርፍ ማስታወሻው ሳጥን አጠገቡ ጻፍን። በነገራችን ላይ በዚያ ዘመን የታተሙ የኢጣሊያ መጻሕፍት የፋሽስቱን ዓመተ ምሕረት በሮማውያን ቍጥር ይጨምራሉ፤ አንድ ጓደኛችን ይህን የቅጽ ቍጥር አድርጎ መዝግቦት ነበር።

የከተሞቹ ስም ከዚህ ያነሰ ቢመስልም ሥራው አድካሚ ነው። እንግሊዞች ደሴን በ«አይ» እና በ«ኢ» ያሳርጋሉ፤ ኢጣሊያኖች በመጨረሻው ፊደል ራስ ላይ ጭረት ያኖራሉ፤ በሐምቡርግ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ደግሞ ሁለት ነጥብ ያለበትን «ኤ» ይጠቀማል። ኮምቦልቻ በእንግሊዝኛ በ«ኬ»፣ በኢጣሊያንኛ በ«ሲ» ትጀምራለች፤ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. በኮምቦልቻ በኩል ተዋግተው ደሴን ስለ ያዙበት ውጊያ በእንግሊዝኛ የተጻፈው እንኳ ብዙ ጊዜ የኢጣሊያኑን አጻጻፍ ይከተላል። በርእሶቹ ላይ እንደ ታተሙ ተውናቸው። ለፍለጋ እንዲመች ግን በየካርዱ መለያ ቃል ጨመርን፤ «ደሴ»፣ «ኮምቦልቻ»፣ «ውጫሌ»፣ ሁሉም በአማርኛ፣ ሁሉም በአንድ አጻጻፍ። አሁን «ውጫሌ» የሚል ተማሪ ሩቤንሰንንና ጂሊዮን አብረው ያገኛቸዋል። መለያ ቃሉ የኛ ነው፤ ርእሱ የደራሲው ነው። ይህን ከተረዳን በኋላ ክርክራችን በግማሽ ቀነሰ።

አንድ አጻጻፍ ስንል ግን የራሳችን ፊደልም አታልሎናል። ለአንባቢ ጆሮ «ኃይለ» እና «ሀይለ»፣ «ሥላሴ» እና «ስላሴ» አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ፈጽመው የተለያዩ ቃላት ናቸው። የታተመው መጽሐፍ የያዘውን ፊደል መከተል እንጂ ሌላ ደንብ አላገኘንም።

የወሎ ተማሪ ከዚህ ሌላ ሊዘነጋው የማይገባ አንድ ነገር አለ። በዚህ አገር የኖሩ የእስልምና ሊቃውንት መንዙማቸውን በአማርኛ ቋንቋ፣ በዐረብ ፊደል ጽፈዋል፤ አጀሚ የሚባለው ነው። ሼኽ ጦልሐ ጃዕፈር በዚህ የታወቁ ናቸው። ፊደሉን ብቻ ያየ መዝጋቢ በቋንቋው ሳጥን «ዐረብኛ» ብሎ ይጽፋል። በዚህም ጽሑፉ ከአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ዝርዝር ወጥቶ ይቀራል፤ ኋላ የአማርኛን ድርሰት ታሪክ የሚጽፍ ሰውም አያገኘውም። የቋንቋው ምልክት የፊደሉን ምልክት አስከትሎ ሊጻፍ ስለሚችል፣ አማርኛ መሆኑን አስቀድሞ የዐረብ ፊደል መሆኑን ማስከተል ይቻላል። የታተሙትን ስልቶች ይህ ምንም አይለውጣቸውም፤ የሚጠቅመው ለሚፈልገው ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የበዛ የሚመስለው ሊኖር ይችላል። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሁለቱ ከተሞች በተያዙ ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ንብረት ተዘርፎና ወድሞ እንደ ነበር አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ምንጩ ከመደርደሪያው ላይ ሲታጣ ከእርሱ የሚቀረው አንዳንዴ በሌላ ሰው ጽሑፍ ግርጌ ያለው ማጣቀሻ ብቻ ነው፤ ያ ማጣቀሻ ከተሳሳተ የሚመሳከርበት የለም።

ለውጫሌ ውል አሁን ሁለት ካርድ አለው፤ በአንዱ ቋንቋው አማርኛ፣ በሌላው ኢጣሊያንኛ ተብሎ ተጽፎ፣ ሁለቱ ካርዶች «ተዛማጅ» በሚለው ማሰሪያ ተያይዘዋል። የግርጌ ማስታወሻ የሚጽፍ ሁሉ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። በኮምቦልቻ በኩል የተሰበሰቡት የ1928–1933 ዓ.ም. የኢጣሊያንኛ ካርዶች ግን ገና አልተመረመሩም፤ ከመካከላችን ኢጣሊያንኛ የሚያነብ የለም፤ የሚያነብ ተማሪ ወይም መምህር ቢገኝ ካርዶቹ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል።